የልጃገረድ ውሎና የባልትና ታሪክ በደጋው አገር

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770 እና በ1771 ጐንደር ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ከተረከ ወዲህ፥ ስለ ኢትዮጵያ አመጋገብ በባዕድ አገር አንባቢ አእምሮ ተስሎ የቀረው ነገር የጥሬ ሥጋ ግብር ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት መንገደኞችም አንዳንዶቹ እርሱን ለማስተባበል፥ አንዳንዶቹም ለመደገፍ ሲሉ ስለዚሁ ስለ ሥጋው ደጋግመው ጽፈዋል። ሥጋው የሚቈረጠው በወንዶች እጅ፥ የሚበላውም በአዳራሽ በእንግዳ ፊት ነበርና ያዩትን በመጻፋቸው ሊወቀሱ አይገባም። ነገር ግን ጥሬ ሥጋ ቢላዋና ጥርስ እንጂ ብዙ ሙያ አይጠይቅም። ሙያ የሚጠይቀው እንጀራው፥ ወጡ፥ ድልሁ፥ ጠላው ነው፤ ይህም ሁሉ የሚሠራው ከአዳራሹ መጋረጃ በስተ ኋላ፥ በማጀት፥ በሴቶች እጅ፥ ይልቁንም ገና ለጋ በሆኑ ልጃገረዶችና በአዲስ ሙሽሮች እጅ ነበር።

የአገር ውስጥ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ከዚህ ነቀፋ ፈጽመው አያመልጡም። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ግብሩን እንጂ ግብሩ የተሰናዳበትን ቤት እምብዛም አያነሣም። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተመረቀች ጊዜ ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል፥ በኋላ እቴጌ ጣይቱ፥ ያሰናዱትን ታላቅ ግብር ከነምግቡና ከነመጠጡ ያወሳል። የጋባዣይቱ ስም በዚህ ተጠብቆ ቈይቶናል፤ የፈጪዎቹና የጋጋሪዎቹ ግን አልቈየም። ከመንገደኞቹ መካከል ወደ ምድጃው ቀረብ ያለው፥ እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1846 በኢትዮጵያ፥ አብዛኛውንም ጊዜ በትግራይ፥ እንደ አገሩ ሰው ለብሶና በልቶ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። እርሱም ቢሆን ምግቡ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቆ ጻፈ እንጂ የምትሠራው ልጅ ራስዋ ምን ትወድ እንደ ነበረ መጠየቅ አልታሰበውም።

ሆኖም ጥያቄው ከንቱ አይደለም። የደጋው አገር ጣዕም እንዲህ የተራቀቀው የሚቀምስና የሚያመዛዝን ምላስ ስለ ነበረ ነው፤ ያ ምላስ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሠሪዋ ነው። መብል የማትወድ ልጅ ባለሙያ ልትሆን አትችልም። መብል መውደድዋ ከታወቀባት ግን ሆዳም ትባላለች፤ ለሴት ልጅም ከዚህ የከፋ ስም ጥቂት ነው። በሸዋ፥ በጐንደርና በጎጃም ደጋ በ19ኛው መቶ ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ ያደገች የባላገር ልጅ ውሎዋ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ነበር።

ውሎዋ የሚጀምረው ዶሮ ሲጮኽ ነው። ጤፉን ማታ አበጥራና አንጓልላ ታሳድራለች፤ ሌሊት ተነሥታ በወፍጮው ላይ ጐንበስ ብላ በመጁ ትፈጫለች። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ከመሆኗ የተነሣ በአንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 የማያንሱ ፍሬዎች ይገኛሉ፤ አንድ ቤተ ሰብ ለአንድ ቀን የሚበላውን ለመፍጨት የወገብና የክንድ ሥራ ሰዓታት ይወስድ ነበር። እንዲህ ያለው ወፍጮ ጥንታዊ መሆኑን በአክሱም ዘመን ፍርስራሾች ውስጥ የተገኙት የወፍጮ ድንጋዮች ያስረዳሉ። በዚህ ድንጋይ ላይ ልጅቱ የምትማረው ድካምን ብቻ አልነበረም። ዱቄቱን በሁለት ጣቶቿ መካከል አሽታ ልስላሴውን ታውቃለች፤ እህሉ እርጥበት እንዳለው፥ ነቀዝ እንደ ነካው፥ ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ በሽታውና በመጁ ድምፅ ትለያለች። በፍጨት ጊዜ የሚዜመው እንጉርጉሮም ብዙውን ጊዜ ሰሚ ስለማይኖረው፥ በቀን ለመናገር የማትደፍረውን የምትናገርበት ነበር።

ነጋ ሲል እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ፥ ከዚያም ወደ እንጨት ለቀማ ትሄዳለች። ይህን ክፍል ረዘም አድርጎ መተረክ አያስፈልግም፤ በየአገሩ ያለች የገበሬ ልጅ የምታውቀው ነው። አንድ ነገር ብቻ ማንሣት ይበቃል። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ የደረሰው በእነዚሁ በምድጃዎች ምክንያት ነው። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው የባሕር ዛፍ ሲሆን፥ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ደግሞ ለከተማይቱ ማጀት ማገዶ አቀባዮች ሆነዋል።

የመጋገር ትምህርት የሚጀምረው በእንጎቻ ነው። እናት ከሊጡ ጥቂት ከፍላ ለልጅዋ ትሰጣታለች፤ ልጅቱም ትንሽዋን እንጀራ ጋግራ ለታናናሾችዋ ታበላለች። እንጎቻው ዓይን ካወጣ ትመሰገናለች፤ ካላወጣ እርሾው፥ አብሲቱ ወይም እሳቱ ምን እንደ ጐደለው ትጠየቃለች። ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን መቈየቱን፥ ከሊጡ ተከፍሎ በፈላ ውኃ የበሰለው አብሲት ተመልሶ ሲቀላቀል ሊጡ እንደሚነሣ፥ ምጣዱ በጐመን ዘር መታሸት እንዳለበት በቃል የሚነግራት የለም፤ አይታ ትይዛለች። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ በቀጥታ ፍቺው እውነት ነው።

የልጃገረድ የመብል ደስታም የሚገኘው ከዚሁ ከምጣዱ አጠገብ ነው። ከመሶቡ ላይ ከአባትና ከእንግዳ ጋራ ተቀምጣ መብላት ነውር ነበርና፥ ተራዋ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ በማጀት ነው። ዳሩ ግን ማጀት የራሱ የሆነ ሕግ ነበረው። ምጣዱ ሲሟሽ የሚወጣው የመጀመሪያው እንጀራ ለመሶብ አይበቃምና የጋጋሪዋ ነው፤ ትኩሱን በቅቤና በድልህ ቀብታ ስትበላው የሚያያት የለም። ወጥ ከወጣ በኋላ በድስቱ ግድግዳ ተጣብቆ የሚቀረው ከሁሉ የበሰለውና ከሁሉ የጣፈጠው ነው፤ በእንጀራ ጠርጋ ትፈተፍተዋለች። ቅቤ ሲነጠር ከድስቱ ሥር የሚዘቅጠው፥ ቅል ሲናጥ የሚቀረው አሬራ፥ ከቆሎው ምጣድ ላይ የሚለቀመው ፍሬ ሁሉ የእርስዋ ድርሻ ነበር። ከዚህም በላይ ቅምሻ አለ። በጭልፋ ጫፍ ጠብታ ወጥ በመዳፍዋ ላይ አድርጋ መላስ ሥራ እንጂ መብላት አይባልም፤ ስለዚህ ሆዳም ሳትባል የልብዋን የምታደርስበት መንገድ ይህ ነበር። ጨውም በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ከአፋር በረሓ የሚመጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ኖሯል፤ ወጥ ማጨው ማለት ከገንዘቡ ላይ ቈርሶ ማሟሟት ስለ ነበረ፥ እጅዋ የበዛባት ልጅ የምትወቀሰው በሁለት በኩል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሳብ መታረም አለበት። የደጋው ሰው ቀይ ወጥን ከጥንት ጀምሮ የነበረ አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከዚያ ክፍለ ዓለም ውጭ የሚያውቀው ሕዝብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የበሉት ወጥ በበርበሬ የቀላ ሊሆን አይችልም። በዚያን ዘመን የሚያቃጥለው ጣዕም ይገኝ የነበረው ከጥምዝ፥ ከዝንጅብል፥ ከስናፍጭና በባሕር ነጋዴ ከሚመጣው ቁንዶ በርበሬ ነው። በቆሎንም እንዲሁ በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል፤ ድንችም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሲሆን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ነው ይባላል።

ታዲያ የመጣውን እንግዳ ተክል ማን የአገር ልጅ አደረገው? ነጋዴው ዘሩን አመጣ፥ ገበሬው ተከለው፤ ነገር ግን በርበሬ ብቻውን ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም። በፀሐይ አድርቆ፥ ቀንጥሶ፥ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብል፥ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋራ ወቅጦ፥ እንደገና አስጥቶ፥ ኮረሪማውንና አዝሙዱን ጨምሮ መፍጨት፤ ሽንኩርቱን ያለ ቅቤ በዝግታ አቍላልቶ በርበሬው ጥሬነቱ እስኪጠፋ ድረስ ጥቂት በጥቂት ውኃ እያጠጡ ማብሰል፥ ይህ ሁሉ ከዘሩ ጋራ አልመጣም። በየማጀቱ፥ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው በሙቀጫ ፊት በቆሙ ሴቶች ሙከራ የተገኘ ነው። ስንቱ ድስት ተበላሽቶ፥ ስንቷ ልጅ ተቈጥታ ይህ ሥርዐት እንደ ተገኘ መዝጋቢ አልነበረም። የአንድ ሕዝብ ጣዕም በሁለት ሦስት መቶ ዓመት ውስጥ እንዲህ መለወጡ ከብዙ ጦርነት ይልቅ የሚያስደንቅ የታሪክ ነገር ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ለጦርነቱ ያደላሉ።

የልጅቱ ምላስ ዳግመኛ የሚፈተነው በጋብቻ ነው። በዚያን ዘመን በጎጃምና በጐንደር ልጅ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አስቀድሞ፥ ትዳር ነበር። ዝቅተኛውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ያደረገው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ሕጉ ሁሉ ቦታ አለመድረሱ የታወቀ ነው። ሕፃኒቱ ሙሽራ ወደ አማትዋ ማጀት ስትገባ በእናትዋ ቤት የተማረችው ሁሉ ልክ አይደለም ይባላል። ሽሮው እዚህ የሚሠራው ከባቄላ እንጂ ከአተር አይደለም፤ እርሾው ከመጠን በላይ ይጐመዝዛል፤ አማቲቱ ኮሰረት አትወድም። ምራቲቱም የለመደችውን ጣዕም ትታ የሌላ ቤት ጣዕም ትይዛለች። ይህ ነገር ለጨዋታ የሚነገር ቢመስልም ለልጅቱ ቀላል አልነበረም፤ ከቤትዋ ያመጣችው፥ ሊወሰድባት የማይችል የሚመስል ነገር ቢኖር ይህ የምላስዋ ትዝታ ነበርና። ለመልስ ወደ ወላጆችዋ ቤት በተጠራች ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው የእናትዋን እንጀራ መሆኑ ይህን ያስረዳል። በሌላ ወገን ሲታይ ግን የሁለት ማጀት ሙያ በአንዲት ልጅ እጅ የሚገናኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስልጆ ወይም እልበት ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የተሻገረው በነጋዴ ሳይሆን በሙሽራ መሆን አለበት።

በመኳንንቱና በነገሥታቱ ቤት ሥራው የተከፋፈለ ነበር። እንጀራ ቤት፥ ወጥ ቤት፥ ጠጅ ቤት ለየብቻቸው ሆነው በየአዛዦቻቸው ይተዳደሩ ነበር። የባለቤቲቱ ልጅ እዚያ ድልህና ጠጅ ማመዛዘንን ተምራ ትታወቃለች፤ ወፍጮውና ውኃው ግን የገረዶችና የባሪያዎች ዕጣ ነበር። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለ ትልልቅ ቤቶች ባልትና በሚነገርበት ጊዜ ይህን አለማንሣት ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል፤ ከሩቅ አገር ተፈንግላ የመጣች ልጅ ያልለመደችውን እህል ለማታውቀው ሰው ስትፈጭ፥ የምትናፍቀው የትውልድ አገርዋ እንሰት ወይም ቦዬ ሊሆን ይችል ነበር።

በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ኢጣልያኖች በምጽዋ ካስገቡት ከብት ጋራ የመጣው የከብት ወረርሽኝ በሬውንም ላሙንም ፈጀ። እርሻ ተጓደለ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የቈየው ረኃብ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው የሚነገረው በዚህ ዘመን ነው። ለማጀት ሰው ክፉ ቀን የተገለጠው አስቀድሞ በቅቤ መጥፋት፥ ቀጥሎ በጎታው መጉደል፥ በመጨረሻም ምድጃው ሳይነድ በማደሩ ነው። ያን ጊዜ ልጃገረድ የምትማረው ሙያ ሌላ ሆነ፤ እንደ ሳማ ያለውን የዱር ቅጠል አብስሎ ማለስለስ፥ እፍኝ እህል ለብዙ አፍ ማብቃት፥ ለታናሹ ሰጥቶ በልቻለሁ ማለት። ባልትና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ እንጂ በመጽሐፍ የሚቀመጥ ስላልነበረ፥ እናትና አያት በሞቱበት ቤት ሁሉ አንድ ክር ተበጥሷል። ከክፉ ቀን የተረፉት ልጃገረዶች በጥቂት ዓመት ውስጥ፥ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ለዘመተው ሠራዊት ድርቆሹን፥ በሶውን፥ ጭኮውንና ቋንጣውን ያሰናዱ፥ ብዙዎቹም ከሠራዊቱ ጋራ ተጕዘው በየሰፈሩ የፈጩና የጋገሩ ናቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት ውስጥ የሞተር ወፍጮ በመጀመሪያ በከተማ፥ ቀስ በቀስም በገጠር ሲገባ፥ የእጅ ወፍጮ ዱቄት ጣዕሙ ይበልጥ ነበር፥ የሞተሩ ይቃጠላል የሚል ቅሬታ በየስፍራው ተሰምቷል። ቅሬታው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እንጀራውን የበሉት እንጂ እህሉን የፈጩት አልነበሩም። ሌሊት ተነሥታ የፈጨች ሴት መጁን ስትናፍቅ የተሰማችበት ጊዜ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሴት ልጅ ከማጀት ውጭ የምትውልበትን በር ሲከፍት፥ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ትምህርት ቤት የማይደርስባትን ልጅ የሌሊት እንቅልፍ መለሰላት። የጠፋ ነገር ቢኖር ዱቄትን በጣት አሽቶ ማወቅ ነው፤ ዛሬ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር የከተማ ልጅ ይህን አታውቅም፤ ማወቅም አላስፈለጋትም።

ወፍጮ ቤትም ኤሌክትሪክም ያልለወጡት አንድ ሥራ ግን አለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጾም ለካህናትና ለመነኰሳት በዓመት 250 ቀን ያህል፥ ለምእመናን ደግሞ 180 ቀን ያህል ነው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ይሆናል። የማጀት ልጅ ብልሃትዋን ያሳየችው ከሥጋው ይልቅ በዚህ በጾሙ ምግብ ነው፤ ሱፉ፥ ተልባው፥ አዚፋው፥ ስልጆው፥ ዓሣ አስመስላ የምትጠብሰው የሽምብራ ሊጥ ሁሉ ቅቤ በሌለበት ቅቤን ለማስረሳት የተፈጠሩ ናቸው። ከቅምሻ የምትታቀበውም በጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምትጾምበት ቀን የምታበስለውን በሽታው፥ በእንፋሎቱ፥ በማማሰያው ክብደትና በሚፈላው ድምፅ ታመዛዝናለች። በወሎና በሌላውም ስፍራ ያለች የሙስሊም ልጅ በረመዳን ቀን ለማፍጠሪያው ስታሰናዳ ይህንኑ ታደርጋለች።

ከሁሉም የሚከብደው የቅዳሜ ስዑር ሌሊት ነው። ዶሮው በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጥቦ በ12 ብልት ይከፈላል፤ ብልት ማሳሳት ለወጣት ሴት ትልቅ ነውር ነው። ሽንኩርቱ ከማታ ጀምሮ ይቍላላል፤ በርበሬው ይገባል፤ ለ55 ቀን ተከድኖ የቈየው የቅቤ ማሰሮ ይከፈታል፤ እንቍላሉ ተቀቅሎና ተልጦ ይጠብቃል። ወንዶቹና ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ልጅቱ፥ ብዙ ጊዜም ከዓርብ ጀምራ አክፍላ፥ በዓመት ውስጥ ከሚሠራው ወጥ ሁሉ የከበረውን ወጥ በባዶ ሆድዋ ታማስላለች፤ ጠብታውን በመዳፍዋ አድርጋ መላስ ግን አይፈቀድላትም። ጨው ስትጨምር ዓይንዋን ጨፍና ታሸታለች፤ እናትዋ ትመጣለች፥ እርስዋም ታሸታለች፥ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ዶሮ ሲጮኽ ጾሙ ይፈታል። ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፤ እንቍላሉ ለእያንዳንዱ ይታደላል፤ አባት አንድ ጕርሻ ጐርሶ የሚናገረው ይጠበቃል። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ልጅቱ ለእርስዋ የቀረላትን ክንፍ ይዛ በምድጃው አጠገብ ትቀመጥና እንጀራዋን በመረቁ ታጠቅሳለች። ጨው በዝቶ ወይም አንሶ እንደ ሆነ የምታውቀው ያን ጊዜ ነው።